በባዶ እግራችን ስንኩራራ በጫማው ተቀደምን

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጫማ ነው። አዎ፣ ስለ ጫማ! «ሕዝባችን ስንት መከራ አለበት፣ አንተ ስለ ጫማ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። እስኪ ትንሽ ታገሱኝና አንብቡት፣ ከዚያ ትሰድቡኛላችሁ።

በየዓመቱ ጳጉሜ ሲመጣ አንድ ፎቶ በሁላችንም ገጽ ላይ ይዞራል። አበበ ቢቂላ፣ ሮም፣ በምሽት፣ በባዶ እግሩ። ከሥሩ ደግሞ «ሌላው በጫማ ሲሮጥ እኛ ያለ ጫማ አሸነፍን» የሚል ጽሑፍ አለ። እኔም ለጥፌዋለሁ፣ አልዋሽህም፣ ሁለት ሦስቴ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። ይህን ማንም አይነጥቀንም።

ግን ወገኔ፣ ታሪኩን እዚያ ላይ ለምን እናቆመዋለን? አበበ ጫማውን የተወው እኛን ስለ ድህነት ክብር ሊያስተምር ብሎ አይደለም። ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ አልተመቸውም፣ በባዶ እግር ልምምድ ደግሞ ለምዶታል፣ ስለዚህ በለመደው ሮጠ። በቃ። በቀጣዩ ዓመት ጃፓን፣ ኦሳካ ላይ ሲያሸንፍ የጃፓኑን የኦኒትሱካን ጫማ አድርጎ ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ 40 ቀን ገደማ ሲሆነው፣ ካልሲና የፑማ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መንገዱም አየሩም ሌላ ነው፣ ልዩነቱን ሁሉ ለጫማ አልሰጥም። ግን በጫማ የሮጠው በባዶ እግሩ ከሮጠው በ3 ደቂቃ ይፈጥናል። ያንን የቶኪዮ ፎቶ ስንቶቻችን ለጥፈነዋል?

አንድ ልጨምርልህ፣ ይሄኛው ያበሽቃል። ከሮም 50 ዓመት በኋላ ቪብራም የሚባል የጫማ ኩባንያ፣ ያ አምስት ጣት ያለው እንደ ጓንት የሚጠለቅ ጫማ የሚሠራው፣ አንዱን ሞዴል «ቢቂላ» ብሎ ሰየመና ገበያ አወጣው። በባዶ እግር የመሮጥ ስሜት የሚሰጥ ጫማ፣ በአበበ ስም! ቤተሰቡ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በቀጣዩ ዓመት ክሱ ውድቅ ሆነ። ዳኛው የስሙን ጉዳይ እስከ ጥጉ ሄደው አልፈረዱም፤ እያወቃችሁ ዘግይታችሁ ከሰሳችሁ ነው ያሏቸው። እንግዲህ እኛ ባዶ እግሩን በፌስቡክ ስናወድስ ሌላው ባዶ እግሩን ጫማ አድርጎ ሸጠው ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበልህ።

ወደ ዛሬው እንምጣ። የዛሬው የሩጫ ጫማ አንተ የምታውቀው ሸራ ጫማ አይደለም። ሦስት ነገር ነው ያለው። አንደኛ ሶሉ ወፍራም ነው፣ እንደ ድሮው የውድድር ጫማ ቀጭን አይደለም። ግን ፔባ ከሚባል የፕላስቲክ ዘር ስለሚሠራ ክብደቱ ላባ ነው፤ ስትረግጠው ይጨመቃል፣ የወሰደውን ጉልበት ደግሞ አብዛኛውን ይመልስልሃል። ሁለተኛ በሶሉ መሀል የካርቦን ፋይበር ሳህን ገብቶበታል፣ እንደ ማንኪያ የጎበጠ። ብዙ ሰው ሳህኑን እንደ ሞላ ወደ ላይ የሚያስፈነጥር ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሳህኑን በመጋዝ ቆራርጠው ሞክረው ልዩነቱ በጣም ትንሽ ሆኖ አግኝተውታል። ሥራው ሶሉን ቀጥ አድርጎ መያዝና ጣቶችህ እንዳይታጠፉ ማገዝ ነው። ሦስተኛው ቅርጹ ነው፤ ፊቱ ቀና ያለ ስለሆነ እግርህ ራሱ ይንከባለላል።

በ2017 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች 18 ሯጮችን በናይኪው ቬፐርፍላይ አስሩጠው ለኩ። በጊዜው ከነበሩት ምርጥ የማራቶን ጫማዎች ጋር ሲተያይ በአማካይ 4 በመቶ ያህል ጉልበት ቆጠበ። ከረገጥከው ጉልበት አዲሱ ፎም 87 በመቶውን ሲመልስ፣ ሁለቱ የቀድሞ ጫማዎች 76 እና 66 በመቶ ገደማ ነበሩ። ጥናቱን የደገፈው ራሱ ናይኪ ነበር፤ እኔም መጀመሪያ ይሄን ሳይ «አይ፣ ማስታወቂያ ነው» ብዬ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ሌሎች ያደረጉት ጥናትም ተቀራራቢ ሆነ። 4 በመቶ ጉልበት ማለት 4 በመቶ ፍጥነት ማለት አይደለም፣ ያንሳል። 1 በመቶ ብቻ ነው እንበል። በ2 ሰዓት ከ10 ማራቶን ለሚገባ ሰው 1 በመቶ 78 ሰከንድ ነው። ቀነኒሳ በቀለ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ01 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲገባ፣ ከዓለም ክብረ ወሰኑ የቀረው 2 ሰከንድ ነበር። 2! አሁን 78ን አስብ።

(ቡና ቤት ቁጭ ብለን «ኃይሌ ይበልጣል፣ ቀነኒሳ ይበልጣል» እያልን የምንጨቃጨቀውም እዚህ ላይ ይበላሻል። ኃይሌ በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 የገባው ያለ ሳህን፣ በድሮው ፎም ነው። ቀነኒሳ የሮጠው በቬፐርፍላይ ኔክስት ነው። ሁለቱን በሰዓት ብቻ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ጭቅጭቁን ግን አታቁሙ፣ ደስ ይላል።)

ከዚያ ትዕግሥት አሰፋ መጣች። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በርሊን፣ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ። የቀድሞውን የሴቶች ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ ቀነሰችው። ይህቺ ልጅ እኮ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፣ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ800 ነው የተወዳደረችው። ከውድድሩ በኋላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ለካሜራ አሳየች። የአዲዳስ አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1። አንዱ እግር 138 ግራም። ዋጋው 500 ዶላር። መጀመሪያ ለገበያ የወጣው 521 ጥንድ ብቻ ነው። አዲዳስ ራሱ ምን አለ መሰለህ፣ ለአንድ ማራቶን እና እግር እስኪለምደው ለሚሮጠው ትንሽ ልምምድ የተሠራ ነው አለ። ለአንድ ማራቶን! በዛሬ ምንዛሪ ከ60 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። የአንድ ጀማሪ መምህር የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ አንተው አስላው።

ያኔ የእኛ ሰፈር ኢንተርኔት ላይ ሁለት ዓይነት ወሬ ነበር። ፈረንጁ «ጫማው ነው የሮጠው» አለ። እኛ ደግሞ ኮሜንት ላይ ልጅቷ የማን ብሔር ናት ብለን ተሰዳደብን። ሁለቱም ያሳፍራል። ጫማው ከሆነ የሮጠው 521 ሰው 2:11 ይገባ ነበር። እሷ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እዚያው በርሊን በሌላ ጫማ 2:15:37 ገብታለች፤ ጉልበቱ ነበራት። ብሔሯን ስንቆጥር ደግሞ የጫማውን ዋጋ የቆጠረ አልነበረም። ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ለንደን ላይ ሴቶች ብቻ በሚሮጡበት ውድድር 2:15:50 ገብታ ሌላ የዓለም ክብረ ወሰን ስትይዝም ያው ጭቅጭቅ ተደገመ።

የዓለም አትሌቲክስ ሕግ አውጥቷል፣ አላወጣም አይባልም። ጥር 2012 ዓ.ም. ላይ የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ሳህኑም ከአንድ እንዳይበልጥ ወሰነ። ይሄ ሕግ መጀመሪያ ከመታቸው ሰዎች አንዱ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? የእኛው ደራራ ሁሪሳ። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ቪየና ማራቶንን በ2:09:22 አሸነፈ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ከዚያ ጫማው ተለካ። 50 ሚሊ ሜትር። አንድ ሳንቲ ሜትር በለጠ። አስመዝግቦት የነበረው ጫማ የተፈቀደ ነው፣ ያደረገው ግን የልምምዱን ሆነ። ድሉ በ3 ሰከንድ ከኋላው ለገባው ኬንያዊ ተሰጠ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጠህ በ1 ሳንቲ ሜትር! ጥፋቱ የሱ ነው ልትል ትችላለህ፣ ሕግ ሕግ ነው። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ከሯጩ ጎን ቆሞ «ይሄ አይቻልም፣ አውልቀው» የሚለው ሰው የት ነበር? ሕጉ ውፍረቱን ለካ፣ ሳህኑን ቆጠረ። ዋጋውን ግን አልገደበም። 500 ዶላርም ይሁን 5000፣ ሕጉ ዝም ነው።

አሁን ወደ ወረታ ልውሰድህ፣ ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

ወረታን ያላየህ ካለህ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄድ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ ፎገራ ሜዳ ነው፣ የሩዝ አገር። ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ጣና የመጣ ይመስላል። መሬቱ ዋልካ ነው፤ በክረምት እግርህን ይውጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሩጫ የሚያስብ ልጅ የቀረው አስፋልት ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማራቶን በለው። አለም በርን አልፈህ ስትወጣ ከ1800 ሜትር ተነሥተህ 2700 ሜትር ላይ ትደርሳለህ። ከዚያ በላይ ጉና አለ፣ ከ4000 ሜትር በላይ። ፈረንጅ ለዚህ ዓይነት ከፍታ ብሎ አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል። እኛ በነፃ አለን።

የጎረቤታችን ልጅ 19 ዓመቱ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ይቆጣኛል። እኔ ዲግሪዬን ይዤ ቤት ከተቀመጥኩ ጀምሮ ሥራ ስለሌለኝ በጠዋት እየተነሣሁ በሳይክል እከተለው ነበር፤ ሰዓት እይዝለታለሁ፣ ውኃ እሰጠዋለሁ። አሠልጣኝ ነኝ አልልም፣ ስቶፕ ዎች ያለው ሥራ አጥ ነኝ። ልጁ ልጅነቱን ያሳለፈው በኮንጎ ጫማ ነው። አባቱ ማሳ ውስጥ ሩዝ ሲያርም እሱ ምሳ ይዞ በቦዩ ዳር ይሮጥ ነበር። አሁንም ቀላል ልምምድ የሚሮጠው ከቦንዳ ልብስ ጋር በመጣ፣ ተረከዙ ባለቀ ጫማ ነው።

አምና አንድ የክለብ ሯጭ ባለ ሳህኑን ጫማ ሰጠው። ሰውዬው የጨረሰው ጫማ ነው፣ ግን ለልጁ ገና ነበር። ቁጥሩ በአንድ ይበልጠዋል፣ ካልሲ ደርቦ ሞላው። ያን ቀን ጠዋት በአለም በር መንገድ ሲሮጥ ያየሁትን አልረሳውም። ሁልጊዜ የሚይዘውን ሰዓት በብዙ ሰከንድ አሻሻለ። «ጋሼ፣ መሬቱ ይገፋኛል» አለኝ። ጋሼ ያለኝ ለማክበር ነው እንጂ በ6 ዓመት ብቻ ነው የምበልጠው። ሁለት ወር ሳይሞላ ፎሙ ሞተ። ትረግጠዋለህ፣ አይመልስም። ከዚያ ሶሉ ጎኑ ላይ ተላቀቀ። ሊስትሮ ጋ ወስደነው በማስቲሽ አጣበቀው፣ በክርም ሰፋው። ሊስትሮው ሳህኑን አውጥቶ ገልብጦ ገልብጦ አይቶ «ይሄ ምንድን ነው? ለምን ብረት አስገቡበት?» ሲል ሳቅን።

ለማጣሪያ ውድድር ቀኑ ሲደርስ እኔ ከተማ ሄጄ ከአንድ ቡቲክ «ኦሪጅናል ነው» የተባልኩትን ገዛሁለት። የእህቴንም የእናቴንም ብር ጨምሬ ነው። አንድ ሳምንት ሳይቆይ ተረከዙ ተሰነጠቀ። በቢላ ከፍተን አየነው። ሳህን የለም። ካርቶን የመሰለ ነገር ነው። ሻጩ ጋ ተመልሼ ብሄድ አላውቅህም አለኝ፣ ደረሰኝም የለኝ። እንግዲህ ዲግሪ ያለኝ ሰው በዚህ ተሸወድኩ።

በማጣሪያው ያንን የተሰፋውን አድርጎ ሮጠ። ከፊቱ ከገቡት ልጆች አዲስ ባለ ሳህን ጫማ ያደረጉ ነበሩ። በጥቂት ሰከንድ ነው ያለፉት። በጫማው ምክንያት ነው ብዬ አልምልም። አልችልም። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት 7 ታላላቅ ኬንያውያን ሯጮችን ለክቶ፣ እነዚህ ጫማዎች ከቀጭኑ የድሮ ጫማ ሲነጻጸሩ አንዱን እስከ 11 በመቶ ሲጠቅሙ ሌላውን እስከ 11 በመቶ እንደጎዱ አሳይቷል። የሚስማማው አለ፣ የማይስማማው አለ። ምናልባት ልጁ በልምምድም ይበልጡት ይሆናል። ግን ይሄ ነው የሚያናድደኝ፦ አላውቅም። እሱም አያውቅም። መራጩም አያውቅም። እግሩን መረጡ ወይስ ኪሱን? ከፊት የገባው ልጅ ጥፋት የለበትም፣ አባቱ ገዝቶለት ይሆናል፣ ውጭ ያለ አጎት ልኮለት ይሆናል። ሩጫ እኮ የደሃ ልጅ ምንም ሳይኖረው የሚገባበት አንድ በር ነበር። አሁን እዚያ በር ላይም የመግቢያ ዋጋ ተለጠፈ።

ታዲያ «ባዶ እግራችንን አሸንፈናል» የሚለውን ፎቶ ስትለጥፍ ይሄ ልጅ ምን እንደሚሰማው አስበው። አሞገስከው እንጂ አልረዳኸውም። ድህነቱን ባህል አደረግህበት።

«የራሳችንን ጫማ እንሥራ፣ ቆዳ አለን» የሚል ይመጣል። እኔም ደስ ይለኛል። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ በእነዚህ ጫማዎች ውስጥ ቆዳ የለም። ላዩ ስስ ጨርቅ ነው፣ ሶሉ ኬሚካል ነው፣ መሀሉ ካርቦን ነው። የፎገራ በሬ ቆዳ የቱንም ያህል ቢያምር ማራቶን አይሮጥም። ነገ ተነሥተን ከአዲዳስ ጋር እንፎካከር ማለት ቀረርቶ ነው። የሚቻለው ሌላ ነው። ሯጭ በሳምንት ከሚሮጠው አብዛኛው ቀላል ልምምድ ነው፣ ለዚያ ሳህን አያስፈልግም፤ ደህና ፎም ያለው፣ ጉልበት የማይጎዳ፣ ስድስት ወር የሚቆይ ጫማ ይበቃል። የፎም ነጠላ ጫማ እዚሁ አገር ይፈበረካል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም አለው። የልጆቹ የመመረቂያ ሥራ አንዱ ይሄ ቢሆን ምን ይላል? እኔ ራሴ የተመረቅሁበት ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጣ ነው፣ ማንም አላነበበውም። ጫማ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው ያደርገው ነበር።

የውድድሩን ጫማ በተመለከተ ግን አንድ ነገር ለማድረግ ፋብሪካ አያስፈልግም። ዕድር እናውቅ የለ? ድንኳን ለእያንዳንዱ ቤት አይገዛም። ድስቱም፣ ወንበሩም፣ ብርጭቆውም የጋራ ነው፣ ጸሐፊ አለው፣ ይመዘገባል፣ የሰበረ ይተካል። ጫማውም እንደዚያ ይሁን። አንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሯጮች ከ39 እስከ 43 ቁጥር ስምንት ዐሥር ጥንድ ባለ ሳህን ጫማ በጋራ ቢኖራቸው፣ ለማጣሪያና ለውድድር ብቻ እየወጣ ቢመለስ፣ የሮጠው ኪሎ ሜትር በደብተር ቢጻፍ። ፎሙ ቶሎ የሚሞተው ልምምድ ሁሉ ሲሮጡበት ነው፤ ለውድድር ብቻ ከወጣ ይቆያል። የሌላ ሰው ላብ ያለበት ጫማ ያስጠላል የምትል ካለህ፣ ቦንዳ ጫማ አድርገህ አታውቅም ማለት ነው። ከ521ዱ ጥንድ አንዱን ግዙ አላልኩም፤ ከሱ በዋጋ በጣም የሚያንስ፣ ሥራው ግን ብዙም የማይርቅ ባለ ሳህን ጫማ ሞልቷል። ውጭ የምትኖሩ የዚህ ገጽ ተከታዮች ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ እዚያ ያለ አማተር ሯጭ ሁለት ሦስት ውድድር ሮጦበት ቁም ሣጥን ውስጥ ይወረውረዋል። በየጊዜው ለዚህ ለዚያ ብር ታዋጣላችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። አንድ ሻንጣ ጥግ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ከባድ አይደለም።

የወጣቶች ማጣሪያ የሚያዘጋጁትንም አንድ ነገር መጠየቅ ይቻላል፣ ጫማ ይታይ። ከተቻለ ከ20 ዓመት በታች ባለው ምርጫ ሳህን ይቅር፣ ካልተቻለ ቢያንስ ማን ምን አድርጎ እንደሮጠ ከሰዓቱ ጎን ይጻፍ። አንድ ዓምድ መጨመር ነው። የደራራ ዓይነት ሐዘን የሚቀረውም እንዲህ ከታች ሲለመድ ነው።

ከአማራ ክልል የወጣችው ያለምዘርፍ የኋላው በ2022 ለንደን ላይ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጠልፎ ጣላት። ተነሥታ ደረሰችባቸው፣ አለፈቻቸው፣ በ2:17:26 አሸነፈች። ያ መነሣት ከየትኛውም ፎም አይመጣም፣ ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ አትከራከሩኝ። ያለምዘርፍ ግን ከመውደቋ በፊት እዚያ መነሻ መስመር ላይ ደርሳ ነበር። የእኔ ጎረቤት ገና ከአለም በር አልወጣም።

እኛ ዕድሩን ጀምረናል። አምስት ሰው ነን፣ አንድ ደብተር አለን፣ ጸሐፊው እኔ ነኝ፣ ሥራ ስለሌለኝ። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጫማ ዝርዝር የሚል ርዕስ ጽፈናል፣ ከሥሩ እስካሁን የተሰፋው አንዱ ጥንድ ብቻ ነው ያለው። በየከተማችሁ ስትጀምሩ ኮሜንት ላይ ንገሩን፣ ደብተሩን እንዴት እንደምንይዝ ፎቶ አንሥቼ እለጥፋለሁ። የልጁ ቁጥር 41 ነው።